መደርደሪያው ይቀባ ወይስ ይነቀል?

ከቤት ዕቃ ሁሉ ግድግዳ ላይ ተገንብቶ የተሠራ የመጻሕፍት መደርደሪያ የተለየ ጠባይ አለው። አልጋ ይሸጣል። ሶፋ ለዘመድ ይሰጣል። ቁም ሳጥን በጋሪ ተጭኖ ይሄዳል። ከቋሚና ከማገር ጋር በሚስማር የተያያዘ መደርደሪያ ግን ከቤቱ ጋር አብሮ ያረጃል። ሲያረጅ ሁለት መንገድ ብቻ ያለው ይመስላል፤ ወይ ቀለም ይቀባል፣ ወይ ተነቅሎ በአዲስ ይተካል። እንዳላዩ ማለፍም አለ፤ በብዙ ቤት ለዓመታት የሚሠራበት እሱ ነው።

ላይ ላዩን ሲታይ ይህ የአናጺና የቀለም ቀቢ ጉዳይ ነው። በቅጡ ሲመረመር ግን ስለ ደን፣ ስለ ዶላር፣ ስለ ሕፃናት ደምና አንድ ቤተሰብ በየትኛው ፊደል እንደሚያነብ ያስጠይቃል። ጌዶ ያለ አንድ ቤተሰብ በዚህ ጥያቄ አንድ በጋ ሙሉ ተከራክሯል። ክርክሩ ለሌላውም ቤት ስለሚጠቅም ከነዝርዝሩ መነገር አለበት።

ጌዶ በምዕራብ ሸዋ፣ ከአምቦና ከጉደር አልፎ ወደ ነቀምቴ በሚወስደው ጎዳና ላይ ያለች የደጋ ከተማ ናት። የጨሊያ ወረዳ መቀመጫ ነች። ክረምቷ ረጅም፣ ጭጋጓ ብዙ ነው። የጭቃ ግድግዳ ከሰኔ እስከ መስከረም እርጥበት እንደጠጣ ይከርማል። በእንዲህ ያለ ከተማ መጽሐፍን ሳይሻግት ማቆየት በራሱ ሥራ ነው።

ቤቱ ጡረታ ከወጡ በኋላ ያረፉ የአንድ መምህር ቤት ነው። መምህሩ በ1970ዎቹ ቤቱን ሲሠሩ የሳሎኑን አንድ ግድግዳ ለመጻሕፍት ለይተው፣ ከወለሉ ጀምሮ እስከ ኮርኒሱ የሚደርስ መደርደሪያ አስገጠሙ። ታችኛው ክፍል መዝጊያ ያለው ሣጥን ነው። ላይኛው አምስት ረድፍ ክፍት ነው። መጀመሪያ ቫርኒሽ ብቻ ነበር። ከዚያ አረንጓዴ የዘይት ቀለም ተቀባ፣ በኋላ ቢጫ፣ በመጨረሻም ክሬም። አሁን ክሬሙ እየተላጠ ከሥሩ ቢጫው፣ ከቢጫው ሥር አረንጓዴው ይታያል። የታችኛው ሣጥን አንድ ጥግ በስብሶ ጣት ያስገባል።

ልጆቹ ሦስት ናቸው። ታላቁ አዲስ አበባ ባንክ ቤት ይሠራል። ሁለተኛዋ እዚያው ጌዶ የአፋን ኦሮሞ መምህርት ናት፤ ከእናቷ ጋር የምትኖረው እሷ ስትሆን ሁለት ልጆች አሏት። ትንሹ አምቦ ነርስ ነው።

ታላቁ ልጅ ይነቀል ባይ ነው። በስልክ የላከው ፎቶ ላይ ነጭ ኤምዲኤፍ መደርደሪያ አለ፤ መሐሉ ላይ ሰፊ የቴሌቪዥን ቦታ፣ ግራና ቀኙ ላይ ጥቂት መጽሐፍና የፕላስቲክ አበባ። ገንዘቡንም ራሱ እችላለሁ ብሏል። እህቱ ይቀባ ትላለች። አባቷ በቆሙበት ቦታ የሽያጭ መደብር የመሰለ ነገር እንዲቆም አትፈልግም። እናታቸው ለሁለቱም አላደሉም። የእሳቸው አቤቱታ አጭር ነው፤ “መጽሐፉን አልጠላሁም፣ አቧራውን ነው የጠላሁት።”

እዚህ ላይ ቢቆም ነገሩ የወንድምና የእህት ጭቅጭቅ ሆኖ ይቀር ነበር። አባት ሲሞት በየቤቱ የሚነሣ ነው። መሬት ለሌለው ቤተሰብ መደርደሪያም ውርስ ነው።

ክርክሩን መስመር ያስያዘው አናጺው ነው። ታላቁ ልጅ ዋጋ እንዲያወጣ የላከው ሰው ነበርና ይነቀል ይላል ተብሎ ነው የተጠበቀው፤ አዲስ ሥራ ለአናጺ እንጀራ ነው። እሱ ግን ከአንዱ ጣውላ ጠርዝ ላይ ትንሽ ቀለም ፋቀና እንጨቱን አየ፣ ከዚያ ወደ ቋሚው ሄዶ ፋቀና አሸተተ። “ማዘር፣ ይኼ እኮ ዋንዛ ነው። ቋሚዎቹ ጥድ ናቸው። እኔ ብነቅለው ምን ልተካልዎት ነው?” አላቸው።

የአናጺው ጥያቄ ቀልድ አልነበረም። ዋንዛ ለመላግ የሚመች፣ ሲደርቅ ብዙም የማይጣመም፣ ነቀዝና ምስጥ ቶሎ የማይደፍረው እንጨት ነው። የበር፣ የከበሮና የቤት ዕቃ እንጨት ሆኖ የኖረው ለዚህ ነው። የጥድ ውስጠኛው እንጨት ደግሞ በሽታው እስካሁን የሚታወቅ፣ መሬት ውስጥ ተቀብሮም ለብዙ ዓመት የማይበሰብስ ነው። መምህሩ ቤት ሲሠሩ እነዚህ እንጨቶች ከአካባቢው ይገኙ ነበር። ዛሬ ግን በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ዋንዛን፣ ጥድን፣ ዝግባንና ኮሶን ከመንግሥትና ከክልል ደኖች መቁረጥ ከልክሎ ነበር፤ የደን ሕጉ ከዚያ በኋላ በ1999 እና በ2010 ዓ.ም. በአዲስ አዋጅ ተተክቷል፤ ከደን የሚወጣ እንጨት ግን አሁንም ያለ ይለፍ ወረቀት ኬላ አያልፍም። በአካባቢው አፋን ኦሮሞ ዋንዛው ወዴሳ፣ ጥዱ ጋቲራ፣ ዝግባው ቢርቢርሳ፣ ኮሶው ሄጦ ነው። ስማቸውን ሁሉም ያውቃል። ጣውላቸውን ግን በሕጋዊ መንገድ ገዝቶ ግድግዳ ሙሉ መደርደሪያ የሚያሠራ ሰው ጥቂት ነው።

እንጨት ማለቁ በዚህ መስመር አዲስ ታሪክ አይደለም። ከጌዶ ወደ አዲስ አበባ ሲመለሱ፣ ከአምቦ አልፎ የሚገኘው አዲስ ዓለም ምስክር ነው። በ1890ዎቹ ዳግማዊ ምኒልክ እዚያ ቤተ መንግሥት ማስገንባት የጀመሩት አዲስ አበባ ዙሪያ የማገዶና የቤት መሥሪያ እንጨት አልቆ ዋና ከተማውን ለማዛወር ታስቦ ነበር። ከተማው ሳይዛወር የቀረበት አንዱ ምክንያት ከውጭ የገባው ባህር ዛፍ ነው። በጥቂት ዓመት የሚደርሰው ዛፍ አዲስ አበባን አዳናት። የአዲስ ዓለሙም ግንባታ ቤተ ክርስቲያን ሆነ።

ባህር ዛፍ ለአጣና፣ ለማገርና ለማገዶ ወደር የለውም። ለመጻሕፍት ጣውላ ግን ሌላ ነገር ነው። በደንብ ሳይደርቅ ከተሰነጠቀ ይጣመማል፣ ይተረተራል። የአገር ዛፍ የቀረውም ጥበቃ ውስጥ ነው። በጌዶ አካባቢ የተፈጥሮ ደን ቅሪት አለ። ጊንጪ አጠገብ ደግሞ የጭሊሞ ደን አለ። ኅዳር 2008 ዓ.ም. ጊንጪ ላይ ተማሪዎች ለተቃውሞ ሲወጡ ከተነሡት ጉዳዮች አንዱ ይኸው ደን ነበር፤ የትምህርት ቤት ሜዳና የደን መሬት ለባለሀብት ሊሰጥ ነው የሚል ቁጣ። ከዚያ በኋላ የሆነውን አገር ያውቀዋል። በዚህ መስመር ላይ ላለ ሰው ዛፍ ከፖለቲካ ርቆ አያውቅም። እንዲህ ባለ ቦታ የተሠራ የዋንዛ ጣውላ ነቅሎ ማገዶ ማድረግ ሁለት ጊዜ መቁረጥ ነው።

ኤምዲኤፍስ? ኤምዲኤፍ መጥፎ ነገር ተብሎ የሚወገዝ አይደለም። እንጨት ተፈጭቶ በሙጫ ተጣብቆ፣ በከባድ ግፊት የተጋገረ ሰሌዳ ነው። ለስላሳ ነው፤ ቀለም ይቀበላል፤ አይሰነጠቅም። ጠላቱ ውኃ ነው። ጠርዙ እርጥበት ካገኘ እንደ ዳቦ ያብጣል፣ ያበጠው ደግሞ ሲደርቅ ወደ ቦታው አይመለስም። ብሎኑ አንዴ ከወጣ ቀዳዳው ደግሞ አይዝም። ደረቅ በሆነ የኮንዶሚኒየም ክፍል ውስጥ ለብዙ ዓመት ያገለግላል። ክረምቱን ሙሉ ወዝ በሚያወጣ የጭቃ ግድግዳ ላይ መለጠፍ ግን ሌላ ጉዳይ ነው።

ሌላው ክብደት ነው። ጎን ለጎን የተደረደረ አንድ ሜትር መጽሐፍ ከ20 እስከ 30 ኪሎ ይመዝናል። ጣውላ ሲጎብጥ ደግሞ የሚጎብጠው እንደ ርዝመቱ ልክ አይደለም። በሁለት ቋሚዎች መሐል ያለው ርቀት በእጥፍ ሲጨምር፣ ዳር እስከ ዳር በመጽሐፍ የተሞላ ያው ጣውላ የሚጎብጠው 16 እጥፍ ነው። የድሮው አናጺ ይህን በቁጥር ባያውቀውም በእጁ ያውቀው ነበር፤ በየ70 ሳንቲሜትሩ ቋሚ አቁሟል። ፎቶው ላይ ያለው ነጭ መደርደሪያ ለቴሌቪዥን እንዲመች 140 ሳንቲሜትር ያህል ያለ ቋሚ ይዘረጋል። ለፕላስቲክ አበባ ይበቃል። ለመዝገበ ቃላት አይበቃም።

ዋጋውም አለ። ገበያ ላይ ያለው ኤምዲኤፍ በአብዛኛው ከውጭ የሚመጣ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሬ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። ከውጭ የሚገባ ሁሉ፣ ማጠፊያውም ሙጫውም፣ ያንን ተከትሎ ሄዷል። ታላቁ ልጅ ፎቶውን ያስቀመጠው ከዚያ በፊት ነበርና አዲሱን ዋጋ ሲሰማ ለጥቂት ቀን ስልክ አልደወለም።

እስከዚህ ያለውን ያነበበ ይቀባ የሚለው ወገን አሸነፈ ይላል። እህትየውም እንደዚያ ብላ ብሩሽና የብርጭቆ ወረቀት ገዝታ ነበር። ያስቆማት ነርሱ ወንድሟ ነው።

ነርሱ አንድ እሑድ ከአምቦ መጥቶ ሲገባ የሁለት ዓመቱ የእህቱ ልጅ መደርደሪያው ሥር ቁጭ ብሎ የተላጠ ቀለም ይለቅማል። የለቀመውን ወደ አፉ ይወስዳል። እናቲቱ “ያለ ነው፣ አፈርም ይበላል” አሉ። ነርሱ ግን ቁርጥራጩን ከልጁ እጅ ተቀብሎ በብርሃን አየው። ክሬም፣ ቢጫ፣ አረንጓዴ።

የድሮ የዘይት ቀለም ውስጥ እርሳስ ነበር። እርሳስ ሲባል የሚጻፍበቱ አይደለም፤ የዚያ ውስጡ ግራፋይት ነው። ይህኛው ከባዱ ብረት ነው። ቀለም ቶሎ እንዲደርቅ፣ እንዲያብለጨልጭና እንዳይደበዝዝ ይጨመር ነበር፤ በተለይ ደማቅ ቢጫ፣ ቀይና አረንጓዴ ውስጥ። በኢትዮጵያም የሩቅ ዘመን ነገር አይደለም። ፓን ኢትዮጵያ የተባለው ማኅበር ባለፉት አሥርት ዓመታት ከገበያ ገዝቶ ያስመረመራቸው ብዙ የዘይት ቀለሞች ከፍተኛ እርሳስ ተገኝቶባቸዋል። እ.ኤ.አ. በ2018 በወጣ ደንብ አገሪቱ ወሰን አበጀች፤ በአንድ ኪሎ የደረቀ ቀለም ውስጥ ያለው እርሳስ ከ90 ሚሊግራም እንዳይበልጥ። ደንቡ የሚመለከተው ግን ከዚያ ወዲህ የሚመረተውንና የሚሸጠውን ነው። ግድግዳ ላይ፣ በር ላይ፣ መደርደሪያ ላይ ደርቆ የተቀመጠውን የማንም ደንብ ገብቶ አይፍቀውም።

የዓለም ጤና ድርጅት እርሳስ ጉዳት የማያደርስበት መጠን አልታወቀም ይላል። ሕፃን ከትልቅ ሰው ይልቅ እርሳስን በብዛት ወደ ደሙ ያስገባል፤ ጉዳቱም በአንጎል ላይ ነው። የማተኮር ችግር፣ ትምህርት የመቀበል ድካም። ከዚህ የሚብሰው ደግሞ አይታመምም፤ ትኩሳት የለው፣ ሽፍታ የለው። ልጁ ሰነፍ ነው ተብሎ ያልፋል። ልጅ እንዲያነብ ተብሎ የቆመ መደርደሪያ ልጁን ከማንበብ ሊያጎድለው ይችላል ማለት ነው።

በዚህ ዓይን ሲታይ የብርጭቆ ወረቀቱ ከተላጠው ቀለም የባሰ አደገኛ ነው። አሮጌ ቀለም በደረቁ ሲፋቅ ዱቄት ሆኖ ቤቱን ይሞላል፤ ምንጣፍ፣ ፍራሽና የእንጀራ ሰፌድ ላይ ያርፋል። በእሳት እያነደዱ ማንሣትም ጢሱን መተንፈስ ነው። የመምህሩ ቀለም እርሳስ ይኑረው አይኑረው ጌዶ ላይ ቆሞ ማወቅ አይቻልም። የማይታወቅ ሲሆን ደግሞ እንዳለው ቆጥሮ መሥራት ነው ጥንቃቄው። ነርሱ ያለው ይህንኑ ነው፤ የሚሠራውንም ዘርዝሮ ጻፈ። ልጆቹ ሥራው እስኪያልቅ አክስታቸው ቤት ይሂዱ። ቀለሙ በውኃ እየረጠበ ይፋቅ እንጂ በደረቁ አይፋቅ። የሚፋቀውም የላላው ብቻ ይሁን፤ ጠንክሮ የያዘው በላዩ አዲስ ቀለም ቢደረብበት ታሽጎ ይቀመጣል። ፍቅፋቂው በፕላስቲክ ተጠቅልሎ ይወገድ፤ ከማገዶ ጋር አይነድ። ወለሉ ይታጠብ እንጂ በደረቅ መጥረጊያ አይጠረግ።

ለመፋቅ መጻሕፍቱ መውረድ ነበረባቸው። ሲወርዱ ሁለት ነገር ታየ።

አንደኛው የበሰበሰው ጥግ ምክንያት ነው። ጥፋቱ የእንጨቱ አልነበረም። ከበላዩ ያለው ቆርቆሮ ሚስማሩ ላልቶ ውኃ ያስገባል፤ ውኃው ከኮርኒሱ ጀርባ በግድግዳው ወርዶ ታችኛው ሣጥን ውስጥ ይጠራቀማል። የዋንዛው ጣውላ ያን ሁሉ ክረምት ችሎ አንድ ጥጉ ብቻ ነው የሄደው። በምትኩ አዲስ ኤምዲኤፍ ቢገባ ኖሮ የመጀመሪያውን ነሐሴ አይሻገርም ነበር። ቤት የሚያድስ ሰው ሁሉ ሊይዘው የሚገባ ነገር ነው፤ ዕቃው ለምን እንደተበላሸ ሳያውቅ የሚተካ ሰው ያንኑ ብልሽት በአዲስ ዋጋ ይገዛል።

ሁለተኛው ከመጽሐፉ ጀርባ የነበረው ነው። መደርደሪያው ጥልቅ ስለሆነ መምህሩ በሁለት ረድፍ ነበር የሚደረድሩት። ፊት ለፊት የሚታየውን ሁሉም ያውቀዋል፤ የክፍል መጻሕፍት፣ የሐዲስ ዓለማየሁ ፍቅር እስከ መቃብር፣ እዚሁ አምቦ አጠገብ ቦዳ የተወለደው የጸጋዬ ገብረ መድኅን እሳት ወይ አበባ፣ የኩራዝ ትርጉሞች። ከኋላ ረድፍ ደግሞ ኦሮማይ ወጣ። በ1975 ዓ.ም. ታትሞ ወዲያው ከገበያ የተሰበሰበው፣ ደራሲው በዓሉ ግርማ በ1976 ዓ.ም. ደብዛው የጠፋበት መጽሐፍ። መምህሩ ለማንም ሳያወሩ ከክፍል መጻሕፍት ጀርባ አስቀምጠውት ኖረዋል። ከኦሮማይ አጠገብ በሲባጎ የታሰረ የጋዜጣ ጥቅል ነበር። በሪሳ ነው።

በሪሳ የኦሮምኛ ጋዜጣ ነው። በ1960ዎቹ መጨረሻ ሲጀመርና በደርግ ዘመን ሁሉ የሚታተመው በግዕዝ ፊደል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1899 የታተመው የአናሲሞስ ነሲብ የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስም እንዲሁ። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻም ኦሮምኛን ያስተማረው በዚያው ፊደል ነው። በ1984 ዓ.ም. ቁቤ ሥራ ላይ ሲውል ምክንያቱ የታወቀ ነበር፤ የግዕዙ ፊደል የኦሮምኛን ረጅምና አጭር አናባቢ፣ የሚጠብቀውንና የሚላላውን ለይቶ አያሳይም። ለቋንቋው የሚስማማ ፊደል መመረጡ ብዙ ሕፃናትን በአፍ መፍቻቸው አስነብቧል። ይሁን እንጂ ማንኛውም የፊደል ለውጥ የሚያስከፍለው ነገር አለ፤ ከለውጡ በፊት የተጻፈው ለአዲሱ ትውልድ ዝግ ይሆናል።

ይህ ዋጋ በዚያ ሳሎን ወለል ላይ በግልጽ ታየ። የሰባተኛ ክፍሏ የልጅ ልጅ ጋዜጣውን አንሥታ አማርኛ መስሏት መለሰችው። ፊደሉን ታውቀዋለች፣ በአማርኛ ክፍለ ጊዜ ተምራዋለች፤ በፊደሉ ሥር የራሷ ቋንቋ ይኖራል ብላ ግን አልጠረጠረችም። አያቷ መነጽር ፈልገው ተቀበሏት። እሳቸው ፊደል የቆጠሩት በመሠረተ ትምህርት ነው፤ ቁቤ አያነቡም። ቀስ እያሉ፣ በጣት እየተከተሉ፣ ጮክ ብለው አነበቡ። ልጅቱ እየሰማች ተረዳች። ስለ ማሽላ ተባይ የሚያወራ ተራ ዜና ነበር። አንዷ ማንበብ የምትችለውን ሌላዋ አታነብም፤ ቋንቋቸው ግን አንድ ነው።

ታላቁ ልጅ ይነቀል ሲል አንድ ትክክል ነገር ብሎ ነበር፤ “አሁን ማን ያነበዋል? ሁሉም ስልክ ላይ አለ።” ግማሹ እውነት ነው። ዛሬ አንባቢ ከመጽሐፍ መደብር ይልቅ ቴሌግራም ላይ ፒዲኤፍ ይፈልጋል፤ ፍቅር እስከ መቃብርንም በስልክ የጨረሰ ብዙ ነው። ግን በዚያ ጥቅል ውስጥ ያሉትን የበሪሳ እትሞች በስልክ የሚያገኛቸው የለም። ስልኩም ቢሆን ሁልጊዜ አይታመንም። ሰኔ 22 ቀን 2012 ዓ.ም. የአምቦው ልጅ ሃጫሉ ሁንዴሳ ሲገደል በማግስቱ በመላ አገሪቱ ኢንተርኔት ተዘጋ፤ ሦስት ሳምንት ያህል ቆየ። ያን ጊዜ ምዕራብ ሸዋ ላይ ለነበረ ሰው ማንበብ ማለት ቤቱ ውስጥ ያለውን ማንበብ ነበር።

እህትየውም ብትሆን ሙሉ ለሙሉ አልተረጋገጠላትም። መደርደሪያው ባለበት ይቀባ ስትል የፈለገችው አባቷ እንደተዉት እንዲቆይ ነው። እንደተዉት ማቆየት ደግሞ ልጆቿ የማይነኩት ሐውልት ማድረግ ነው። ሁለት ዓመት የሞላውና ሰባተኛ ክፍል የደረሰችው ልጆች ቁመት ላይ አንድም በቁቤ የተጻፈ መጽሐፍ አልነበረም። የአፋን ኦሮሞ መምህርት ቤት ውስጥ!

የተወሰነው ሁለቱም ያላሰቡት ሆነ። መጀመሪያ ቆርቆሮው ተጠገነ፤ የታላቁ ልጅ ገንዘብ በቅድሚያ የገባው እዚያ ላይ ነው። ከዚያ የታችኛው ሣጥን የበሰበሰ ጥግ ብቻ ተቆርጦ ወጣ፤ በምትኩ አናጺው ከአሮጌ በር የተረፈ የዋንዛ ቁራጭ ገጠመ። ሣጥኑ ከወለሉ ትንሽ ከፍ እንዲል በሥሩ ድንጋይ ገባ፤ ጣውላውም ከግድግዳው ሁለት ጣት ያህል ተላቀቀ፣ አየር እንዲዘዋወር። ቀለሙ በነርሱ ዝርዝር መሠረት በውኃ ተፋቀ፤ በላዩም በውኃ የሚበጠበጥ ቀለም ሁለት ጊዜ ተቀባ። እናትየው ከሁሉ የጠየቁት አንድ ነገር ነው፤ ላይኛው ሦስት ረድፍ መስታወት ያለው መዝጊያ ይኑረው። ለአቧራው።

መጻሕፍቱም ተለዩ። ጊዜ ያለፈባቸው የክፍል መጻሕፍት ብዙ ነበሩ፤ ሻጋታ የበላቸው ተጣሉ፣ የቀሩት ለትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ሄዱ። የታችኛው ሁለት ረድፍ ለልጆቹ ተለቀቀ፤ በቁቤም በፊደልም። በሪሳው በወረቀት ተጠቅልሎ ከላይ ተቀመጠ፤ አያትና የልጅ ልጅ ቅዳሜ ቅዳሜ አንዱን ገጽ ወደ ቁቤ ይገለብጣሉ። አንዷ ታነባለች፣ አንዷ ትጽፋለች። ዓመት ይፈጃል፤ የሚያስቸኩላቸው የለም።

የአንድ ቤት ውሳኔ ለሁሉም አይሠራም። መደርደሪያው ከተበላ ኮምፔርሳቶ ከሆነ፣ ምስጥ ውስጡን ከቦረቦረውና ሲነካ እንደ ወረቀት ከተቀደደ ይነቀል፤ በቀለም የሚድን አይደለም። ወደ ወለጋ ቆላ እየተወረደ ሲኬድ ምስጡ ስለሚበረታ እዚያ ይህ ብዙ ጊዜ ያጋጥማል። የሚጠቅመው የጥያቄው ቅደም ተከተል ነው። እንጨቱ ምንድን ነው? የተበላሸው በምን ምክንያት ነው? ከሥሩ ያለው ቀለም ስንት ዘመን ነው፣ ቤቱ ውስጥስ ስንት ዓመት የሆነው ልጅ አለ? እዚያ ላይ የሚቀመጠውን ማን ያነበዋል፣ በየትኛው ፊደል? እነዚህ ከተመለሱ በኋላ ክሬም ይሁን ነጭ የሚለው የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው።

በጌዶው ቤት ግን አንድ ነገር አሁንም አልተፈታም። ቴሌቪዥኑ ቦታ አላገኘም፤ ወንበር ላይ ነው ያለው።